ቴምዝ ውስጥ የቀሩ ፊደላት

ዛሬ አመሻሽ ላይ ከልጄ ጋር የለንደኑን ሐመርስሚዝ ድልድይ በእግር ስናቋርጥ፣ አንድ አዛውንት በሌሊት እዚሁ ቆመው ከእርሳስ ብረት የተሠሩ የማተሚያ ፊደላትን ወደ ቴምዝ ወንዝ ይጥሉ እንደነበር ነገርኳት። «ፊደል ይጣላል እንዴ?» አለችኝና መልሴን ሳትጠብቅ ወደ ውኃው ተመለከተች።

አዛውንቱ ኮብደን ሳንደርሰን፣ ደቭስ ፕሬስ የተባለውን የግል ማተሚያ ቤት እ.ኤ.አ. በ1900 ከኤመሪ ዎከር ጋር ያቋቋሙ ሰው ናቸው። የመጻሕፍቱ ውበት በጌጥ ሳይሆን የ15ኛውን ክፍለ ዘመን የቬኒስ አታሚ የኒኮላ ዣንሶንን ሥራ መሠረት ባደረገ አንድ የፊደል ቅርጽና በጥንቃቄ በተመጠነ ክፍተት ላይ ያረፈ ነበር። ሸሪኮቹ ሲለያዩ፣ ፊደሉ ከኮብደን ሳንደርሰን ሞት በኋላ ለዎከር እንዲያልፍ ተስማምተው ነበር፤ ኮብደን ሳንደርሰን ግን በሞተር በሚሠራ ማሽን እንዳይታተምበት ስለሰጉ፣ እ.ኤ.አ. በ1916 እና በ1917 ከ1 ቶን በላይ የሚመዝነውን የፊደል ብረት ጥቂት በጥቂት እየተሸከሙ እዚህ አመጡት።

ከአእምሮዬ የማይጠፋው አንድ ሌሊት የሆነው ነው፤ የወረወሯቸው ሁለት ጥቅሎች ውኃ ውስጥ ሳይገቡ የድልድዩ ምሰሶ ላይ አረፉ። ምስጢራቸውን ከላይ ሆነው እያዩት ሊደርሱበት አልቻሉም።

የሸሪክን ድርሻ ማጥፋት በደል መሆኑን አልክድም። ቢሆንም በየቀኑ በስልኬ የማነበውን ፊደል ማን እንደቀረጸው አንድም ቀን አለመጠየቄ ዛሬ ከነከነኝ።

እ.ኤ.አ. በ2014 ሮበርት ግሪን የተባለ የፊደል ንድፍ ባለሙያ በጠላቂዎች እገዛ 150 ያህሉን አስወጥቷል። «የቀሩትስ?» አለች ልጄ። በጣቴ ወደ ወንዙ አመለከትኳት።