ነጠብጣብ የሚያሳይ ግራፊክስ ካርድ፦ ከጅማ የጥገና ልምምድ

በትርፍ ጊዜዬ ጅማ ውስጥ የኮምፒውተር ጥገና እለማመዳለሁ። ሰሞኑን በእጄ ያለው ግራፊክስ ካርድ (የኮምፒውተሩን ምስል አዘጋጅቶ ወደ ስክሪን የሚልከው ክፍል) ስክሪኑ ላይ ባለቀለም ነጠብጣብ የሚበትን፣ ከባድ ፕሮግራም ሲከፈትበት ደግሞ ምስሉን ድንገት የሚያጠፋ ነው። ባለቤቱ በቪዲዮ ኤዲቲንግ የሚተዳደር ጎረቤቴ ሲሆን፣ ካርዱ እንደማይጠገን ተነግሮታል። አዲስ ካርድ ከአዲስ አበባ ማስመጣት ለእርሱ ቀላል ወጪ ስላልሆነ፣ ከመጣሉ በፊት ጉዳቱ የት እንዳለ በማስረጃ መለየት ይገባል ብዬ ተነሣሁ።

አስቀድሞ መታየት ያለበት ነጠብጣቡ የሚጀምርበት ጊዜ ነው። ዊንዶውስ ከተነሣ በኋላ ብቻ ከታየ ድራይቨሩ (ዊንዶውስን ከካርዱ ጋር የሚያገናኘው ፕሮግራም) ሊጠረጠር ይችላል፤ ገና ዊንዶውስ ሳይነሣ በሚከፈተው የባዮስ ገጽ ላይ ከታየ ግን የዊንዶውስ ድራይቨር ሥራ ስላልጀመረ ጥርጣሬው ወደ ዕቃው ይዞራል። በዚህ ካርድ ነጠብጣቡ በባዮስ ገጽም ላይ ነበረ። ቀጥሎ ስክሪንሾት አንሥቼ በስልኬ ከፈትኩት፤ ነጠብጣቡ በምስሉ ውስጥም በመገኘቱ ሞኒተሩና ገመዱ ከጥርጣሬ ነጻ ሆኑ። ይህ ሙከራ ምንም ወጪ የለውምና ማንም ሰው ካርዱን ከመንቀሉ በፊት እንዲያደርገው አጥብቄ እመክራለሁ።

የዊንዶውስ መዝገብ ስለ መጥፋቱ ቁጥር 4101 የሆነውን መልእክት ያሳይ ነበር። መልእክቱ ድራይቨሩ ምላሽ መስጠት አቁሞ እንደገና እንደተነሣ ስለሚናገር ብዙዎች ወዲያው ድራይቨር ወደ መቀየር ይሄዳሉ። ይሁንና ዊንዶውስ ድራይቨሩን እንደገና የሚያስነሣው ካርዱ በተለምዶ በ2 ሰከንድ ውስጥ መልስ ካልሰጠ ነው፤ ካርዱ መልስ ያጣበት ምክንያት ኃይል፣ ሙቀት ወይም የተጎዳ ቺፕ ሊሆን ስለሚችል መልእክቱ ብቻውን ድራይቨሩን ጥፋተኛ አያደርገውም።

ስለዚህ ወደ ኃይል ተሻገርኩ። የማዘርቦርዱ ማስገቢያ ለካርዱ እስከ 75 ዋት ይሰጣል፤ ባለ 6 ፒን ገመድ ሌላ 75፣ ባለ 8 ፒን ደግሞ 150 ዋት ይጨምራል። ከፓወር ሰፕላዩ (የግድግዳውን ኤሌክትሪክ ለኮምፒውተሩ ክፍሎች ከሚቀይረው ሳጥን) ወደ ካርዱ የሚሄደው 12 ቮልት ከ11.4 እስከ 12.6 ባለው ውስጥ መቆየት አለበት። ኮምፒውተሩ ሥራ ሳይበዛበት በመልቲሜትር ስለካው ደህና የነበረው ቮልቴጅ፣ ካርዱ ከባድ ሥራ ሲበዛበት ከ11.4 በታች ወረደ። ቤቱ ስታቢላይዘር አለው፤ ስታቢላይዘር ግን ከግድግዳ የሚመጣውን 220 ቮልት ያስተካክላል እንጂ የደከመ ፓወር ሰፕላይ የሚያወጣውን 12 ቮልት አያድንም። መብራት በሚዋዥቅበት ከተማችን ይህ ልዩነት በሚገባ መታወቅ አለበት። ፓወር ሰፕላዩን ከፍቶ መለካት ግን አይገባም፤ ከተነቀለም በኋላ ውስጡ ያሉት ካፓሲተሮች አደገኛ ኤሌክትሪክ ይዘው ይቆያሉ።

ፓወር ሰፕላዩ ሲቀየር መጥፋቱ ቆመ፤ ነጠብጣቡ ግን አልጠፋም። ሁለት ጉዳቶች ተደራርበው ነበር ማለት ነው።

የጅማ አየር በክረምት እርጥበት ስለሚበዛበት አቧራው በማቀዝቀዣው ክንፎች መካከል እንደ ጭቃ ይጋገራል። ካርዱን ፈትቼ አጸዳሁ፤ የወርቅ ቀለም ያለውን የካርዱን ጥርስ በላጲስ ከመፈግፈግ ይልቅ በአይሶፕሮፒል አልኮል ጠረግሁ፤ ከዋናው ቺፕ ወደ ማቀዝቀዣው ሙቀት የሚያስተላልፈውን ቅባት (ቴርማል ፔስት) ቀየርኩ። የሜሞሪ ቺፖቹ ቴርማል ፓድ (ሙቀት የሚያስተላልፍ ለስላሳ ንጣፍ) ደርቆ ስለነበር በዚያው ውፍረት በሌላ ተካሁት፤ ውፍረቱ ቢበልጥ ማቀዝቀዣው ዋናውን ቺፕ በደንብ አይነካውም። በብዙ ካርዶች ላይ የሚነበበው ሙቀት የዋናው ቺፕ ብቻ በመሆኑ፣ ዝቅተኛ ቁጥር መታየቱ ሜሞሪው መቀዝቀዙን አያረጋግጥም።

ከዚህ ሁሉ በኋላም ነጠብጣቡ ስላልጠፋ አፍተርበርነር በተባለ የካርድ ፍጥነት መቆጣጠሪያ ፕሮግራም የሜሞሪውን ፍጥነት ዝቅ አደረግሁ፤ ነጠብጣቡም በግልጽ ቀነሰ። ጉዳቱ ከሜሞሪ ቺፖቹ በአንዱ ላይ እንደሆነ የሚያመለክት ጠንካራ ምልክት ይህ ነው። ካርዱን ምድጃ ውስጥ አስገብተህ ጋግረው የሚል ምክር ቢደርሰኝም አልተቀበልኩትም፤ እርሳስ የሌለው ብየዳ መቅለጥ የሚጀምረው 217 ዲግሪ ሴልሺየስ አካባቢ ሲሆን፣ ከዚያ በታች ያለ ሙቀት ብየዳውን አያድስም፣ ከዚያ በላይ ያለው ደግሞ ፕላስቲኩንና ካፓሲተሮቹን ያበላሻል። በዚህ መንገድ የተነሣ ካርድም ብዙ ጊዜ አይቆይም።

ካርዱ አሁን በተቀነሰ ፍጥነት ቀላል የኤዲቲንግ ሥራ እየሠራ ነው። ቀጣዩ ሥራ በሜሞሪ መሞከሪያ ፕሮግራም የትኛው ቺፕ እንደተጎዳ መለየት ነው፤ የሙቅ አየር ማሽን ይዛችሁ የሜሞሪ ቺፕ የቀየራችሁ ካላችሁ የተጠቀማችሁበትን የሙቀት መጠንና ቺፑን ያገኛችሁበትን መንገድ ብትነግሩኝ ወደዚያ ሥራ እገባለሁ።