ዲቪን ማን ይዘጋዋል?

በየዓመቱ ዲቪ ሲከፈት ደሴ ፒያሳ ያለችው ፎቶ ኮፒ ቤቴ መቆሚያ ታጣለች። ነጭ ጨርቅ ወጥሬ ፎቶ አነሳለሁ፣ የልደት ቀን ወደ ፈረንጅ አቆጣጠር እለውጣለሁ፣ ኔትወርክ እረግማለሁ።

አንድ ቀን አንዲት እናት ለልጃቸው ሊያስሞሉ መጡና "የኔ ልጅ፣ የአሜሪካው ፕሬዝዳንት ዲቪን አልወደውም ብሏል አሉ። ታዲያ ብሬን ለምን ትበላለህ?" አሉኝ። ሰልፉ በሙሉ ሳቀ። ኔትወርኩም ሄዶ ስለነበር ማስረዳት ጀመርኩ።

እኛ መሪ ሲባል ቶሎ የሚታየን ንጉሥ ነው። ደሴዎች ደግሞ አይፈረድብንም፣ የንጉሥ ሚካኤል አይጠየፍ አዳራሽ እዚሁ አጠገባችን ነው። ዲቪ ግን የፕሬዝዳንት ስጦታ ሳይሆን ሕግ ነው። በ1990 ኮንግረስ ነው ያወጣው (ዓመቶቹ የፈረንጅ ናቸው)፣ በዓመት እስከ 55,000 ቪዛ ብሎ። ኮንግረስ ማለት 435 ሰው ያለበት የተወካዮች ምክር ቤትና ትልቁም ትንሹም ግዛት እኩል ሁለት ሁለት ሰው የሚልክበት ሴኔት ነው። ሁለቱ ካልተስማሙ ሕግ የለም። ፕሬዝዳንቱ አልፈርምም ብሎ ሊመልስ ይችላል፣ እነሱም በየምክር ቤታቸው ሁለት ሦስተኛ ድምፅ ካገኙ ያለሱ ፊርማ ያጸድቁታል።

"ታዲያ በ2020 ለምን ቆመ?" አለ ከኋላ አንድ ልጅ። አነጋገሩ የደረሰው ሰው ይመስላል።

እውነቱን ነው። ፕሬዝዳንቱ ሕጉን መሻር ባይችልም ማስፈጸሙ በእሱ እጅ ነው፣ ኤምባሲውም የእሱ ነው። ያኔ ትራምፕ በኮሮና ምክንያት ሥራ አጥ በዝቷል ብለው ወደ አገሪቱ መግባትን የሚያግድ አዋጅ ሲያወጡ ዲቪም እዚያ ውስጥ ገባ፣ ቪዛውም ቆመ። ዲቪ ደግሞ የዓመቱ ቀን ካለፈ አለቀ፣ ለከርሞ አይተላለፍም። የደረሳቸው ሰዎች ከሰሱ። ዋሽንግተን ያለ አንድ የፌዴራል ዳኛ "አዋጁ መግባትን እንጂ ቪዛ መስጠትን አይከለክልም" በሚል ቪዛ የሚሰጠው የውጭ ጉዳይ መሥሪያ ቤት ቀኑ ሳያልቅ እንዲያፋጥን አዘዘ። ሁሉም አልደረሰላቸውም እንጂ ብዙዎች ቪዛቸውን አገኙ።

"ዳኛው አይባረርም?" አሉ እማማ።

አይባረርም። ፕሬዝዳንቱ ያጨዋል፣ ሴኔት ያጸድቀዋል፣ ከዚያ ዕድሜ ልኩን ነው፣ ከባድ ጥፋት አጥፍቶ ኮንግረስ ካላነሳው በቀር። (እኛ አገር ሕገ መንግሥት የሚተረጉመው የፌዴሬሽን ምክር ቤት ነው፣ እዚያ ግን ፍርድ ቤት ነው።)

እኔን ሁሌም የሚገርመኝ ፕሬዝዳንት የነበረው የኒክሰን ነገር ነው። በ1974 ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ለዋተርጌት ቅሌት ምርመራ በቢሮው የተቀዳውን ድምፅ አስረክብ ብሎ ስምንት ለዜሮ ፈረደበት። ከስምንቱ ሦስቱን የሾማቸው ራሱ ነው! ኮንግረስም ሊከሰው እየተዘጋጀ ስለነበር ሁለት ሳምንት ያህል ቆይቶ ሥልጣን ለቀቀ። በእኛ ነሐሴ 1966 መሆኑ ነው። ከወር በኋላ፣ መስከረም 2፣ ጃንሆይን ወታደሮች በቮልስዋገን ወሰዷቸው። ንጉሥ አይከሰስ ሰማይ አይታረስ እያልን ላደግነው፣ ሁለቱ አወራረድ አንድ ክረምት ላይ መገጣጠሙ ይደንቃል።

ኔትወርኩ መጣ።

"ኮንግረሱም ፕሬዝዳንቱም ከተስማሙ ግን ይዘጉታል?" አሉኝ እማማ።

"አዎ፣ ያኔ ይዘጋል።"

"እንግዲያው ምን ታወራለህ፣ ሳይስማሙ ቶሎ ሙላልኝ እንጂ!"