«አለፈ» ያልኩበት ቀን

እ.ኤ.አ. በ2017 ሰሜን ቨርጂኒያ፣ አንድ ትንሽ ቢሮ ውስጥ እሠራ ነበር። ሥራዬ ሰውን የጤና ኢንሹራንስ ማስመዝገብ ነበር። «ናቪጌተር» ይሉናል። ኮምፒውተር ፊት አብረን እንቀመጣለን፣ ገቢያቸውን እንሞላለን፣ የመንግሥት ድጎማው ስንት እንደሚደርሳቸው እናያለን። አብዛኞቹ ባለጉዳዮቼ የኛው ሰዎች ነበሩ። የታክሲና የኡበር ሹፌሮች፣ የፓርኪንግ ሠራተኞች፣ የሰው ልጅ የሚጠብቁ እናቶች። አሠሪያቸው ኢንሹራንስ የማይሰጣቸው። ፕሬዚዳንት ኦባማ በ2010 የፈረሙት፣ ኦባማኬር የሚባለው ሕግ ባይኖር ብዙዎቹ ሐኪም የሚያዩት ሲወድቁ ብቻ ነበር።

በዚያ ዓመት ስልካችን አላረፈም። ፕሬዚዳንት ትራምፕ ገና ሥልጣን በያዙበት ዕለት ሕጉን የሚያላላ ትእዛዝ ፈረሙ። ኮንግረስም መሻሪያውን ማርቀቅ ጀመረ። ከዚያ ሕዝቡ ተነሣ። የኮንግረስ አባላት ወደየአካባቢያቸው ሲመለሱ አዳራሾች ሞልተው ጠበቋቸው። ከባድ ሕመም ያለባቸው ሰዎች ማይክ ይዘው፣ ኢንሹራንሳቸው ቢነሣ ምን እንደሚውጣቸው ፊት ለፊት ጠየቁ። ጁን ላይ ደግሞ በዊልቸር የሚሄዱ ሰዎች የሴኔቱ አብላጫ መሪ ሚች መኮኔል ቢሮ ደጃፍ ላይ ተቀምጠው፣ ፖሊስ አንድ በአንድ ሲያነሣቸው በቴሌቪዥን አየን።

እኛ ጋ ግን ጭንቀቱ አደባባይ አልወጣም። በስልክ ነበር፣ ቀስ ባለ ድምፅ። «ካርዴ እስካሁን ይሠራል?» «ለልጄ የያዝኩትን ቀጠሮ ልሰርዝ?» ቀኑን ሙሉ ይኸው ነው።

ሜይ 4፣ ሐሙስ ከሰዓት በኋላ፣ የተወካዮች ምክር ቤቱ መሻሪያውን በ217 ለ213 ድምፅ አሳለፈው። ከደቂቃዎች በኋላ ስልኩ ጮኸ። አንድ የታክሲ ሹፌር ናቸው። ስድሳ ዓመት ያለፋቸው፣ የስኳር በሽተኛ፣ ካስመዘገብኳቸው ሁለት ዓመታቸው። ከፊቴ ሁለት ሰው ቆሟል፣ ሌላው መስመርም ይጮሃል።

«ልጄ፣ የኦባማኬሩ ነገር ምን ሆነ?»

«አለፈ ጋሼ። አሁን ነው ያለፈው» አልኳቸው።

«እንግዲህ ምን ይደረጋል፣ እግዜር ያውቃል» ብለው ዘጉ። ሰላሳ ሰከንድ አልሞላም።

እኔ ለማለት የፈለግኩት የመሻሪያው ረቂቅ ከአንዱ ምክር ቤት አለፈ ነው። ገና ሴኔት አለ። ከሴኔት በኋላም መንገድ አለው። እሳቸው የሰሙት ግን ኦባማኬር አለፈ ነው። ሞተ፣ አበቃ። በኛ ቋንቋ አለፈ ማለት ሁለቱንም ነው። ደግሞስ እሳቸው ባደጉበት አገር ምክር ቤቱ አጸደቀው ከተባለ ማን ይመልሰዋል? ሕግ በግማሽ መንገድ ላይ ወድቆ ሊቀር እንደሚችል ማን ነግሯቸው ያውቃል? ያንን መንገር የኔ ሥራ ነበር።

ጁላይ 28፣ ከሌሊቱ ሰባት ሰዓት ተኩል ገደማ፣ ሴናተር ጆን ማኬይን ወደ ጠረጴዛው ቀርበው አውራ ጣታቸውን ወደ ታች አደረጉ። የአንጎል ካንሰር እንዳለባቸው የተነገረው በዚያው ወር ነው። ከሱዛን ኮሊንስና ከሊሳ መርካውስኪ ጋር ሆነው የራሳቸውን ፓርቲ የመሻሪያ ረቂቅ ጣሉት። 49 ለ51። ሳልተኛ እያየሁ ነበር፣ አለቀስኩ። ጠዋት ቢሮ ገብተን ተቃቀፍን።

ኦገስት አጋማሽ ላይ ያ ሹፌር መጡ። ትንሽ የፕላስቲክ ምሳ ዕቃና አንድ ፌስታል ይዘዋል። ፌስታሉን ጠረጴዛዬ ላይ ገለበጡት። አምስት ፖስታ። አራቱ አልተከፈቱም።

«ጓደኞቼ ሕጉ አልተሻረም ይላሉ። የኔን ግን ሰርዘውታል» አሉና አምስተኛውን ሰጡኝ።

ከሜይ ጀምሮ ክፍያ አቋርጠዋል። ድጎማ ያለው ሰው መክፈል ቢያቆም ኩባንያው ሦስት ወር ይታገሠዋል። ከዚያ ይሰርዘዋል። ስረዛው ደግሞ ወደ ኋላ ሄዶ ከመጀመሪያው ወር መጨረሻ ይቆጠራል። አራቱ ያልተከፈቱ ፖስታዎች ማስጠንቀቂያዎች ነበሩ። ለምን አልከፈቱም ብዬ አልጠየቅኩም። ለሞተ ነገር የመጣ ደብዳቤ ማን ይከፍታል?

ምሳ ዕቃውን ከፈቱት። በረዶ የያዘ ከረጢት፣ በላዩ በናፕኪን የተጠቀለለች አንዲት የኢንሱሊን ብልቃጥ። ከሥሯ ጣት የማታህል መድኃኒት ቀርታለች። ያለ ኢንሹራንስ የአንዷ ዋጋ ከ250 ዶላር በላይ ነበር። «እያብቃቃሁ ነው» አሉኝ። መጠኑን ቀንሰው፣ አንዳንድ ቀን ጭራሽ ዘለው።

ከዚያ ቀና ብለው አዩኝ። ቁጣ የለባቸውም። «ልጄ፣ አለፈ ያልሽኝ አንቺ አይደለሽም እንዴ?»

«እኔ ነኝ ጋሼ» አልኩ። ሌላ ምንም ማለት አልቻልኩም።

ባለመክፈል የተሰረዘ ሰው ከምዝገባ ወቅት ውጭ ተመልሶ መግባት አይችልም። እስከ ኖቬምበር መጠበቅ፣ ካርዱም ከጃንዋሪ 1 ወዲህ ነው። በዚያው ቀን በገቢ ልክ የሚያስከፍል ክሊኒክ ደውዬ ቀጠሮ አገኘሁላቸው፣ አብሬያቸውም ሄድኩ። ኢንሱሊኑን በሚችሉት ዋጋ ሰጧቸው። ነርሷ የስኳራቸውን መጠን ስትለካ ዝም ብላ ቁጥሩን አየችው፣ ከዚያ ሐኪሙን ጠራች።

ለአለቃዬ ሁሉንም ነገርኳት። የሜይ 4ን የስልክ መዝገብ አወጣን። በዚያ ከሰዓት በኋላ ያነሣኋቸው ጥሪዎች 31 ነበሩ። ሁሉንም መልሼ ደወልኩ። ሁለት ሰዎች እንደሳቸው መክፈል አቁመዋል። አንዱ ጊዜው አልፎበታል። አንዲት ሴት ግን ያቆመችው ከጁን ስለነበር እስከ ኦገስት መጨረሻ ጥቂት ቀን ነበራት። ተበድራ የሦስቱን ወር ከፈለች፣ ተረፈች።

ከዚያ ወዲህ ስልክ ሳነሣ መጀመሪያ የምለው ስለ ካርዱ ነው። ካርድዎ ይሠራል፣ ክፍያ አያቋርጡ። ምክር ቤት፣ ሴኔት፣ ድምፅ የሚባለው ከዚያ በኋላ ይምጣ። ለሰውየው የሚያስፈልገው ዜናው ሳይሆን ነገ ፋርማሲ ሲሄድ ምን እንደሚሆን ነው። መልሰው እንዲነግሩኝም እጠይቃለሁ። «ምን አልኩ ጋሼ?» እላለሁ። ጊዜ ይወስዳል። ይውሰድ።

የዚያ ዓመት የምዝገባ ወቅት ደግሞ ከሦስት ወር ወደ ስድስት ሳምንት ተቆርጦ ነበር፣ ከኖቬምበር 1 እስከ ዲሴምበር 15። የፌዴራል መንግሥት የማስታወቂያውን በጀት በ90 በመቶ ቀንሷል። ስለዚህ እኛው ወጣን። እሁድ ከቅዳሴ በኋላ፣ ማታ የሬገን አየር ማረፊያ ታክሲዎች ተራ በሚጠብቁበት ቦታ። እኚያ ሹፌር ከኔ ቀድመው መኪናዎቹን እያንኳኩ፣ ፖስታችሁን ክፈቱ ይሉ ነበር። በመላ አገሪቱ ለ2018 የተመዘገበው ሕዝብ 11.8 ሚሊዮን ገደማ ሆነ። ካለፈው ዓመት የቀነሰው በጥቂቱ ነው። ያ ሁሉ ተደርጎ ሰዉ አልለቀቀም፣ ይሄ እስከ ዛሬ ልቤን ይሞቀዋል።

የገና ሰሞን ስልኬ ጮኸ። ፕሬዚዳንቱ አዲሱን የግብር ሕግ መፈረማቸው ነው።

«ልጄ፣ ኦባማኬር ላይ የሆነ ነገር አለፈ ይላሉ። የቱ ነው ያለፈው? የት ደርሷል?»

«ካርድዎ ይሠራል ጋሼ። ክፍያ አያቋርጡ። የተነሣው ኢንሹራንስ ያልገዛ ሰው የሚከፍለው ቅጣት ነው። እሱም ከ2019 ጀምሮ ነው።»

«ካርዴ ይሠራል። ክፍያ አላቋርጥም። ቅጣቱ ነው፣ ከ2019» አሉ፣ ሳልጠይቃቸው። «ቆይ፣ እዚህ አንድ ሹፌር አጠገቤ አለ። ለሱም ንገሪው።»