መስቀሌን አስወለቁኝ፣ ማተቤን ተዉልኝ

ዛሬ ከቱሉ ዲምቱ በሌሊት ወጥቼ የወገብ ኤምአርአይ ተነሳሁ። የብር መስቀሌን አስወለቁኝ፤ ማተቡን ግን ተዉልኝ (ክር ምን ያደርጋል!)። መሣሪያው የሰውነትን ውስጥ የሚያነሳው በመግነጢስ ነው፤ ጉልበቱ 1.5 ቴስላ (የመግነጢስ መለኪያ) ነው፤ ከምድር መግነጢስ ከ20 ሺህ እጥፍ በላይ። እሱስ ምንም አልተሰማኝም። የመሣሪያው ኳኳታ ሲጀምር ግን የጎኔ ጡንቻ በራሱ ጊዜ ንዝር ንዝር ይል ጀመር። ደነገጥኩ። ስወጣ ባለሙያዋን ብጠይቃት «ነርቭህ ነው ወንድሜ፣ አታስብ» አለችኝ። ለካ ቶሎ ቶሎ የሚቀያየር መግነጢስ ሰውነት ውስጥ ኤሌክትሪክ ይፈጥራል፤ ነርቭ ደግሞ መልእክቱን የሚያስተላልፈው በኤሌክትሪክ ነው፣ ይነካካዋል። ሳይንቲስቱ ፋራዳይ በ1831 እ.ኤ.አ. ያገኘው ሕግ፣ እኔ ጎን ላይ!

ማታ ለእማዬ በዝርዝር አስረዳኋት። ጸጥ ብላ ሰማችኝና፣ «ልጄ፣ እሱማ ሊለቅህ ሲል ነው!»