ሰኔ ሳይገባ

ጎጃም ያለውን የአያቴን አሮጌ ቤት የመጠገኛ ፈቃድ ዛሬ ወጣ። ግማሽ ፈቃድ ነው። ጣራውን እንድንጠግንና በጓሮ በኩል የውኃ መውረጃ ቦይ እንድንቆፍር ተፈቅዶልናል። ግድግዳው ግን ባለሙያ መጥቶ እስኪያየው ድረስ አይነካም። ግንቦት እየተጋመሰ ነው። የጎጃም ክረምት ደግሞ አንዳንዴ ሰኔን አይጠብቅም። ቢሆንም ደስ ብሎኛል። ጣራው ከዳነ ግድግዳው ጊዜ ያገኛል።

ስለ ቤቱ የሚጠይቁኝ ሰዎች ስለበዙ አንዴ ልጻፈውና ልገላገል።

ቤቱን የሠሩት የአያቴ አባት ናቸው። በራስ ኃይሉ ዘመን እንደተሠራ ነው በቤተሰቡ የሚነገረው። ራስ ኃይሉ ከጎጃም ገዥነት የተነሡት በ1924 ዓ.ም. ስለሆነ ቤቱ ዘጠና ዓመት አልፎታል ማለት ነው። የመኳንንት ቤት አይደለም። ጎብኚ ጎጃም ሲመጣ ደብረ ማርቆስ ወርዶ የንጉሥ ተክለ ሃይማኖትን ቤተ መንግሥት ያያል፤ ማየቱም ተገቢ ነው። ተራው ሰው ግን በምን ዓይነት ቤት ይኖር እንደነበር የሚያሳየው የኛ ዓይነቱ ነው። የእኛ ዓይነቱ ደግሞ እያለቀ ነው።

ቋሚው ጥድ ነው። ማገሩ በልጥ ታስሯል፤ ሚስማር አልነካውም። እኔ አብዝቼ የምወደው በሩን ነው። ወፍራም የዋንዛ ሳንቃ ነው። እጄን ሳስኬድበት የመጥረቢያው ምት አንድ በአንድ ይሰማኛል። የብረት ማጠፊያ የለውም። ከሳንቃው ከራሱ ላይና ታች ጫፍ ወጥቶለት፣ ጫፉ ጉድጓድ ውስጥ ገብቶ ነው የሚዞረው። እስከ ዛሬ ድረስ በአንድ ጣት ይከፈታል።

በአዋጅ ቁጥር 47/1967 ትርፍ ቤት ሲወረስ በግቢው ውስጥ የነበሩት ሁለት ክፍሎች የቀበሌ ቤት ሆኑ። ዋናው ቤት ለአያቴ ቀረላቸው። አንዱ ግድግዳ የጋራ ስለሆነ ዛሬም እሱን ለመንካት የቀበሌን እሺታ ይጠይቃል።

ቤቱን የጎዳው ግን መወረስ አይደለም። መዘጋት ነው። አያቴ ካረፉ በኋላ ቁልፉ ተንጠልጥሎ ቀረ። እሳቸው በሕይወት ሳሉ እዚያ ቤት እሳት ጠፍቶ አያውቅም። ጢሱ ጣራውን አጥቁሮት ነበር፤ እኛ ልጆቹም ልብሳችን ጢስ ጢስ ስለሚል እንነጫነጭ ነበር። ለካ ያ ጢስ ነው እንጨቱን ያደርቀውና ነፍሳትን ያርቅ የነበረው። ምድጃው ሲቀዘቅዝ ነቀዝ ገባ። ከጓሮ በኩል ያለው ቦይ ደለል ሞላውና ውኃው ወደ ግድግዳው ሥር ዞረ። ሰው ቢኖርበት ኖሮ በአንድ ከሰዓት በአካፋ የሚጸዳ ነገር ነበር።

ፈቃድ ልጠይቅ የሄድኩ ጊዜ የገጠመኝን ማንንም ለመክሰስ ብዬ አልጽፈውም። አንደኛው መስኮት ላይ ቦታው ዋና መንገድ ዳር ስለሆነ በከተማው ፕላን መሠረት እዚያ የሚፈቀደው ጂ ፕላስ ቱ ነው ተባልኩ። ሌላው ቢሮ ደግሞ ቤቱ በቅርስነት ተመዝግቧል፣ በአዋጅ ቁጥር 209/1992 መሠረት ያለ ፈቃድ ጥገና እንኳ አይደረግበትም አለኝ። አንዱ አፍርሰሽ ወደ ላይ ሥሪ ይላል። ሌላው አትንኪ ይላል። ሁለቱም ወረቀታቸውን አሳይተውኛል፤ ሁለቱም የተናገሩት እውነት ነው። ወረቀቶቹ ናቸው ያልተነጋገሩት። እነሱ እስኪነጋገሩ ድረስ በየክረምቱ ውኃው ይገባል።

ክልከላውን ግን አልጠላውም። ይሄን ከልቤ ነው የምለው። በመንገዱ ዳር የነበሩት የዚያ ዘመን ቤቶች ዛሬ የሉም፤ ባለ መስታወት ሱቅ ሆነዋል። የኛ የቆመው መዝገብ ላይ ስላለ ነው። እኔ የምለው፣ ጥገናና ግንባታ አይምታቱ ነው። የዛገ ቆርቆሮ መቀየር፣ ቦይ መጥረግ፣ የረገፈ ምርጊት መመለስ እንደ አዲስ ሕንፃ ወረፋ መያዝ የለበትም። የቅርስ ባለሙያው መጥቶ አይቶ እዚያው በዚያው እሺ ወይ እምቢ ቢል ቤትም ሕግም ይተርፋል። ደግሞ ቅጹ ላይ የግንባታ ዕቃ በሚለው ሥር ብሎኬት፣ ሲሚንቶ፣ ፌሮ አለ። ጭቃ የለም። ጭድ የለም። እኔ በእጄ ጽፌ ጨመርኩት።

የጭቃው ጉዳይ ቀላል ነገር አይደለም። ከዓመታት በፊት አንድ ዘመድ በቅን ልቦና የምሥራቁን ማዕዘን በሲሚንቶ ለስኖታል። ላዩ ሲታይ ያምራል። ሽማግሌው አናጢ መጡና በጣታቸው አንኳኩት፤ ባዶ ድምፅ ሰጠ። ከጫፉ ሲልጡት ከጀርባው ጭቃው ረጥቦ እንደ ሊጥ ሆኗል። ማገሩ ጠቁሮ፣ በጥፍሬ ስጭረው ተፈረፈረ። «ጭቃ ክረምት ይጠጣል፣ በጋ ይተፋዋል» አሉኝ። «ሲሚንቶ ከለጠፋችሁበት የጠጣውን በየት ይትፋው ልጄ?» እሳቸው የሚያውቁት ጭቃ ከጤፍ ጭድ ጋር በእግር ተረግጦ፣ ቀናት ሰንብቶ የሚቦካ ነው። ካልቦካ ሲደርቅ ይሰነጠቃል። ይህን ሥራ የሚችል ወጣት በአካባቢያችን እየጠፋ ነው፤ ፈቃዱ ሲሟላ ሁለት ልጆች ከሥራቸው ሆነው እንዲማሩ ተስማምተናል።

አክስቴ ይሸጥ ከሚሉት ወገን ናቸው። በስልክ «አንቺ አዲስ አበባ ሆነሽ ትወጂዋለሽ፤ ክረምት በመጣ ቁጥር ባልዲ የምደረድር እኔ ነኝ» አሉኝ። እውነታቸውን ነው። ቦታው ጥሩ ዋጋ ያወጣል፣ እሳቸውም ጡረታቸው ትንሽ ናት። ስለዚህ ቃል ገብቼላቸዋለሁ፤ ቤቱ ሲጠገን ፊት ለፊት ያለው ክፍል ይከራያል፣ ኪራዩም ለእሳቸው ይሆናል። ቢከራይ ለቤቱም ይሻላል። ሰው ይግባበት፣ ቡና ይፈላበት፣ እሳት ይንደድበት።

አሁን የቸገረኝ እንጨት ነው። ጣራውን የተሸከሙት ሦስት ቋሚዎች ከሥር ተበልተዋል። ባሕር ዛፍ በየቦታው ሞልቷል፤ ግን ምስጥ በጥቂት ዓመት ውስጥ ይጨርሰዋል። ጥድ መቁረጥ ክልክል ነው፤ መከልከሉም ልክ ነው፣ በየቤተ ክርስቲያኑ ግቢ የቀረችውን እኛም ብንቆርጣት ምን ይተርፋል? የሚያዋጣው ከፈረሰ ቤት የወጣ የቆየ ጥድ ነው። እሱ ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ ለማገዶ ነው የሚሸጠው። ባለፈው ሳምንት አንድ ሙሉ ጭነት ተፈልጦ ካለቀ በኋላ ደረስን።

ስለዚህ ከደጀን እስከ ደምበጫ፣ በዚያ መሥመር ያላችሁ ሰዎች፣ አሮጌ ቤት ሊፈርስ መሆኑን ከሰማችሁ ሳይፈለጥ ንገሩኝ። የማገዶውን ዋጋ እከፍላለሁ፤ የመኪናውንም እኔው እችላለሁ። ቁመቱ ሦስት ሜትር ከሞላ፣ ሥሩ ትንሽ ቢበላም ግድ የለም፤ አናጢው ቆርጠው በድንጋይ ላይ ያቆሙታል።