ያልለቀቅሁት ሥሪት በሌላ ሰው ኮምፒውተር ላይ

ባለፈው ጊዜ የኢትዮጵያን ቀን ወደ አውሮፓውያን አቆጣጠር የምትቀይረውን ትንሿን ፕሮግራሜን ወደ ዴቢያን (ከሊኑክስ ሥርዓተ ክወና ዓይነቶች አንዱ ነው) ጥቅል እየለወጥሁ መሆኔን ነግሬያችሁ ነበር። ጥቅሉ ተሠርቶ አልቋል፤ በወጉ ይጫናል፣ በወጉ ይነሣል፣ ምናሌውም በአማርኛ ይታያል። ዛሬ የማካፍላችሁ ግን ስለ አሠራሩ ሳይሆን፣ ሥራችሁን ሌላ ሰው ከእናንተ ቀድሞ ሲያሰራጨው ምን እንደሚከተል ነው። ክፍት ምንጭ ነውና፣ ማለትም ኮዱ ለሁሉም ክፍት ነውና፣ መውሰዱ መብቱ ነው፤ ፈቃዱን የሰጠሁትም እኔው ነኝ። ነገሩ የሚከረው ከተወሰደ በኋላ ነው።

ፒያሳ አካባቢ አሮጌ ኮምፒውተሮችን እየጠገኑ፣ ሊኑክስ እየጫኑ ለትምህርት ቤቶች የሚሰጡ ወጣቶች አሉ። እነዚህ ልጆች የለቀቅሁትን ሥሪት 1.2ን ትተው ገና በመሠራት ላይ ያለውን የልማት ቅርንጫፍ ወሰዱ። በዚያ ቅርንጫፍ ላይ የዓመት ስሌቱን ከሥሩ ነቅዬ እንደገና እየጻፍሁት ነበር። እስከዚያው ሌላው ክፍል እንዲሠራ ብዬ መስከረም 1 ምንጊዜም ሴፕቴምበር 11 ነው የሚል መስመር አስገብቻለሁ። ከመስመሩ በላይ «ጊዜያዊ ነው፤ ዘመነ ሉቃስ አልተሠራም» ተብሎ ተጽፏል። ኮዱን ለሚያነብ ሰው ግልጽ ነው። ካላንደር የሚከፍት መምህር ግን ኮድ አያነብም።

2015 ዓ.ም. ዘመነ ሉቃስ ነበርና ጳጉሜን 6 ቀን ሆነች፤ የ2016 መስከረም 1 ሴፕቴምበር 12 ቀን 2023 ላይ ዋለ። መስቀል ሴፕቴምበር 28 ሆኖ ሳለ እነዚያ ኮምፒውተሮች 27 ነው አሉ። ፕሮግራሙ ከመስከረም 1 ተነሥቶ ቀን ስለሚቆጥር የዓመቱ ቀን ሁሉ በአንድ ቀን ተዛነፈ። (ይህን ስሌት ለምትጽፉ፦ ጳጉሜን 6 የምትሆነው ዓመተ ምሕረቱ ለ4 ተካፍሎ 3 ሲተርፍ ነው። በአውሮፓውያኑ ልማድ ምንም የማይተርፍበትን ዓመት የሚፈልግ ኮድ ደጋግሞ አጋጥሞኛል፤ በቀላሉ የማይታይ ስህተት ነው፤ ጉዱ የሚወጣው ዓመቱ ሲደርስ ነው።)

ስሞታው የመጣው ወደ እኔ ነው። በእገዛ ምናሌው ላይ የሰፈረው የእኔ አድራሻ ነዋ! «መስቀልን የማያውቅ ካላንደር ለልጆች እንዴት ይሰጣሉ?» ይላል አንዱ። ሁሉም የሚጠቅሱት ሥሪት 1.3ን ነው። 1.3 የሚባል ነገር ደግሞ ለቅቄ አላውቅም። የልማት ቅርንጫፉ ውስጥ የሚቀጥለውን ቁጥር አስቀድሜ ስለምጽፍ ብቻ ፕሮግራሙ ራሱን 1.3 ብሎ ያስተዋውቃል።

ይህ ነገር አንድ የቆየ ጠብ አስታወሰኝ፤ ከዚህ በኋላ ያሉት ዓመታት እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው። የሊኑክስ ዓለም የቆመበት ኮምፓይለር፣ ማለትም የተጻፈን ኮድ አጠናቅሮ ወደሚሠራ ፕሮግራም የሚለውጠው መሣሪያ፣ ጂሲሲ ነው። 2.95 በ1999 ወጥቶ ቀጣዩ ትልቅ ልቀት 3.0 ገና በመሠራት ላይ ሳለ፣ የልማት ኮዱ በውስጡ 2.96 የሚል ቁጥር ይዞ ነበር። የሊኑክስ አከፋፋዩ ሬድ ሃት በሴፕቴምበር 2000 ሬድ ሃት ሊኑክስ 7ን ሲያወጣ ከዚያ ኮድ ቅጂ ወስዶ፣ የራሱን ማስተካከያ አክሎ፣ ዋናው ኮምፓይለር አድርጎ አስገባው። በኦክቶበር የጂሲሲ መሪ ኮሚቴ መግለጫ አወጣ፤ 2.96 የሚባል ልቀት የለም፤ በእርሱ የሚጠናቀር ፕሮግራም ከ2.95.2ም ሆነ ከሚመጣው 3.0 ጋር አይጣጣምም የሚል። ቀጥሎም የልማት ቁጥራቸውን ወደ 2.97 አሻገሩት፤ 2.96ን ለሬድ ሃት ትተውለት ማለፋቸው ነው።

ሬድ ሃትም ያለ ምክንያት አላደረገውም። 2.95 ሲ ፕላስ ፕላስ በተባለው የፕሮግራም ቋንቋ በኩል ኋላ የቀረ ነበር፤ 3.0ን እንጠብቅ ቢሉ ደግሞ የወጣው በጁን 2001 ነው። በዚያ ላይ ሬድ ሃት ሲግነስ የተባለውን ኩባንያ ገዝቶ ስለነበር ከጂሲሲ ዋና ዋና ሠራተኞች ብዙዎቹ የራሱ ተቀጣሪዎች ነበሩ። ጠቡ በባዕዳን መካከል እንዳልነበር ልብ በሉ። የሆነ ሆኖ ዋጋውን የከፈሉት ሌሎች ናቸው። ሬድ ሃት ራሱ የሊኑክስን ከርነል (እምብርቱን) ለማጠናቀር ኬጂሲሲ የሚባል የቆየ ኮምፓይለር ለብቻው ማቅረብ ግድ ሆነበት። ቪዲዮ ማጫወቻው ኤምፕሌየር 2.96ን ሲያይ አልጠናቀርም ብሎ ይቆም ነበር፤ ሠሪዎቹ በሌላ ሰው ኮምፓይለር ሰበብ የሚመጣ ስሞታ አንገሽግሿቸዋል።

የወጣቶቹን አስተባባሪ ያገኘኋት አራት ኪሎ ነው። መጀመሪያ አብርሆት ቤተ መጻሕፍት ልንቀመጥ አስበን ነበር፤ ድምፃችን ከፍ ማለቱ እንደማይቀር ገምተን ወደ ማኪያቶ ቤት ወጣን። ግምታችን ልክ ነበር።

«ጋሼ፣ የለቀቁት 1.2 ማተም አይችልም» አለችኝ። «መምህራኑ የሚፈልጉት የወር ሠንጠረዥ አትመው ግድግዳ ላይ መለጠፍ ነው። ማተሚያው ደግሞ ያለው እርስዎ አልደረሰም በሚሉት ቅርንጫፍ ላይ ነው። መቼ ይደርሳል ብዬ ብጠይቅዎት ቀን ይነግሩኛል?»

አልነግራትም። ደመወዝ በማይከፈልበት ሥራ ቀን መቁረጥ አልወድም። «ይጠይቁኝ ነበር እኮ» ብዬ አንቱ ማለት ጀመርሁ፤ ስናደድ እንዲህ ያደርገኛል። ሳቀችብኝ።

ቀጥላ ያነሣችው ነጥብ ቀላል አልነበረም። ሰው ካልተጠቀመበት እንዴት ይበስላል? የኬዲኢ (የሊኑክስ ዴስክቶፕ ነው) ሰዎችም ያሉት ይህንኑ ነው። ኬዲኢ 4.0 በጃንዋሪ 2008 ሲወጣ፣ ሠሪዎቹ መሠረቱ የተጣለበት ሥሪት እንጂ ለዕለት ተዕለት ተጠቃሚ የተዘጋጀ እንዳልሆነ ሲናገሩ ነበር፤ ካልተለቀቀ ግን ፕሮግራም ጸሐፊዎችም ሞካሪዎችም አይመጡም የሚል ክርክር ነበራቸው። አከፋፋዮቹ ያዩት ቁጥሩን ነው። ከአከፋፋዮቹ አንዱ ፌዶራ 9 በሜይ ወር የቀድሞውን 3.5ን አስወጥቶ 4.0ን አስገባ። ኩቡንቱ 8.04 ጠንቀቅ ብሎ ሁለቱን ለየብቻ አቀረበ። ተጠቃሚው ግን በአብዛኛው የተማረረው በኬዲኢ ላይ ነው፤ የሊኑክስ ፈጣሪ ሊነስ ቶርቫልድስ ሳይቀር ኬዲኢን ትቶ ኖም ወደሚባለው ሌላ ዴስክቶፕ መሄዱን በ2009 መጀመሪያ ተናግሯል። ኬዲኢ ጥፋት የለበትም አልልም፤ አራት ነጥብ ዜሮ ብሎ አውጥቶ አትጠቀሙበት ማለት ከመንገደኛ ጋር መቀለድ ነው። አስተባባሪዋ ግን ኩቡንቱን ነው የያዘችው፤ «እኛም ሁለቱን ለየብቻ ማቅረብ እንችላለን» አለች። ከዚያ በኋላ ንግግሩ ለሰለሰ።

ጠቡ ሁልጊዜ ከመቸኮል የሚመጣ እንዳይመስላችሁ። የኤክስስክሪንሴቨር (የስክሪን ማሳረፊያ ፕሮግራም ነው) ጸሐፊ ጄሚ ዛዊንስኪ ከዴቢያን ጋር በ2016 የተጋጨው በተገላቢጦሽ ነው። ዴቢያን በተረጋጋው ልቀቱ ውስጥ ያረጀ ሥሪት ይዞ ስለሚቆይ፣ እርሱ ድሮ ያረማቸው ስህተቶች እንደ አዲስ ይነገሩት ነበር፤ ፕሮግራሙ ራሱ «ይህ ሥሪት አርጅቷል» ብሎ እንዲያስጠነቅቅ አድርጎ ነበር። አንዱ በጥድፊያ፣ ሌላው በመዘግየት፤ ቁጣው ግን አንድ ነው፤ እኔ ያልሰጠሁት ነገር በእኔ ስም ይከሰሳል። በእኔ ግምት ደርሷል አልደረሰም የሚለው ክርክር ማብቂያ የለውም፤ ስሞታው ወደ ማን እንደሚሄድ መስማማት ግን ይቻላል። ዴቢያን ለዚህ ጥሩ ልማድ አለው፤ ተጠቃሚው ስህተት ሲያገኝ መጀመሪያ የሚነግረው ለዴቢያን የስህተት መዝገብ ነው፤ የጥቅሉ ኃላፊ አጣርቶ የዋናው ፕሮጀክት ጉዳይ ሆኖ ካገኘው ብቻ ያስተላልፈዋል።

እኛም ያደረግነው ይህንኑ ነው። ከልማት ቅርንጫፉ የሚሠሩት ጥቅል በእገዛ ምናሌው ላይ የእነርሱን አድራሻ ይዟል። ቁጥሩም ተለወጠ፤ እኔ ጂሲሲዎች እንዳደረጉት 1.3ን ዘልዬ ቅርንጫፉን ወደ 1.4 አሻገርሁት፤ እነርሱ ደግሞ 1.4~1 ይሉታል። ይህች የተጠማዘዘች ጭረት በዴቢያን የቁጥር ሥርዓት ከባዶ በታች ናት፤ 1.4~1 ከ1.4 በፊት እንደመጣ ይቆጠራልና እኔ 1.4ን ስለቅ የእነርሱ ኮምፒውተሮች ያለ ምንም ችግር ወደ እርሱ ይሻገራሉ። ያለ ጭረቷ 1.4.1 ብለው ቢሆን ኖሮ የእኔ ልቀት እንደ አሮጌ ተቆጥሮ አልገባም ይል ነበር። ለጥቅል ሥራ አዲስ የሆናችሁ ሌላውን ብትረሱ ይህን አትርሱ።

በእኔም በኩል የዘመነ ሉቃስን ስሌት ጨርሻለሁ። ፈተናዎቹ ከ2011 እስከ 2020 ዓ.ም. ያለውን እያንዳንዱን ቀን ወዲያ ቀይረው ወዲህ ይመልሳሉ፤ የ2019 ጳጉሜን 6ም ሴፕቴምበር 11 ቀን 2027 ላይ በትክክል ታርፋለች። የፕሮግራሙን የማተሚያ ክፍል እየፈተሹልኝ ያሉት ወጣቶቹ ናቸው፤ እኔ ቤት ማተሚያ የለም። የላኩልኝ የመጨረሻ ማስተካከያ የጳጉሜን ገጽ እንደ ሌሎቹ ወራት ሠላሳ ሳጥን ይዞ እንዳይወጣ የሚያደርግ ነው፤ አስገብቼዋለሁ።

ያልተስማማንበት አንድ ነገር ቀርቷል። አስተባባሪዋ ኖም በየስድስት ወሩ እንደሚለቅ እኔም ቀን ቆርጬ እንድለቅ ትፈልጋለች፤ እኔ ደግሞ ዴቢያን ሲደርስለት እንደሚለቅ መልቀቅ እመርጣለሁ። የማተሚያው ክፍል እንዳለቀ 1.4ን ለቅቄ እንደገና ልንከራከርበት ተቀጣጥረናል።