የወተት ቁጥጥሩ ከበረት ቢጀምር

«ጤና ጥበቃ መጡ» የተባለ ዕለት በሰፈራችን ምግብ ቤቶች የሚሆነውን ሁላችንም እናውቀዋለን፤ ነጩ ጋወን ከተሰቀለበት ይወርዳል፣ የሠራተኞቹ የጤና ምርመራ ካርድ ከመሳቢያ ይወጣል፣ ወለሉ በረኪና በረኪና ይሸታል። ይህን ቁጥጥር ላጣጥለው አልፈልግም፤ እጁን ሳይታጠብ እንጀራ የሚያቀርብ ሰው ታይፎይድና የአንጀት ጥገኛ ትሎችን ሊያስተላልፍ ስለሚችል ካርዱም ሳሙናውም በአግባቡ የሚጠየቁ ናቸው። ወደ ወተት ስንመጣ ግን ተቆጣጣሪው የሚቆምበት ቦታና አደጋው የሚፈጠርበት ቦታ እጅግ የተራራቁ ሆነው አገኛቸዋለሁ።

በአንድ አነስተኛ የወተት መሸጫ ፍተሻ ሲደረግ ቆሜ ተመልክቻለሁ። ባለሙያው ከጀሪካኑ የተቀዳውን ወተት በጠባብና ረጅም መስፈሪያ ሞልቶ የወተትን እፍጋት የሚለካውን ላክቶሜትር ለቀቀበት፤ መለኪያው ጥቂት ወጣ ገባ ካለ በኋላ 28 ላይ ረጋ። «የኔ ልጅ፣ ውሃው መቼ መጥቶልን ነው የምንጨምረው?» አሉት የመሸጫው ባለቤት፤ በሰፈሩ የውሃ ተራ ከደረሰ ሰንበትበት ብሎ ነበርና የቆምነው ሁሉ ሳቅን። 28 ማለት እፍጋቱ 1.028 ነው ማለት ሲሆን፣ ያልተበረዘ የላም ወተት በአብዛኛው ከ1.026 እስከ 1.032 ባለው መካከል ስለሚገኝ ወተቱ ፈተናውን አለፈ። ይሁን እንጂ ውሃ እፍጋቱን ዝቅ እንደሚያደርገው ሁሉ ቅባቱን መግፈፍ ከፍ ስለሚያደርገው፣ መጀመሪያ ክሬሙን አንሥቶ ቀጥሎ ውሃ የሚጨምር ነጋዴ ያንኑ 28 ሊያስነብብ ይችላል። የቅባቱ መጠን አብሮ ካልተለካ ላክቶሜትር ብቻውን የሚያምኑት ምስክር አይደለም።

ከውሃው ይልቅ የሚያሳስበኝ አፍላቶክሲን የተባለው የሻጋታ መርዝ ነው። በ2016 እ.ኤ.አ. የታተመ፣ በአዲስ አበባና በዙሪያዋ የተካሄደ ጥናት 110 የወተት ናሙናዎችን መርምሮ በሁሉም ውስጥ ይህን መርዝ አግኝቷል፤ የአውሮፓ ኅብረት ለወተት ያስቀመጠውን በኪሎ የ0.05 ማይክሮግራም ጣሪያ ያላለፉት 9 ብቻ ሲሆኑ፣ 29ኙ ደግሞ አሥር እጥፍ የላላውን የአሜሪካኖቹን ጣሪያ እንኳ አልፈዋል። ዋናው ምንጭ የኑግ ፋጉሎ ነበር። ኑጉ ዘይቱ ተጨምቆ የቀረው ፋጉሎ እርጥበት ባለው መጋዘን ሲከማች ይሻግታል፤ ሻጋታው መርዝ ያመነጫል፤ ላሟም ከበላችው ከፊሉን ቀይራ በወተቷ ታወጣዋለች። ለረጅም ጊዜ ሲወሰድ የጉበት ካንሰርን የሚያስከትለው ይህ መርዝ ቀለምም ሽታም የለውም። ወተት ማፍላት የሳንባ ነቀርሳንና የብሩሴሎሲስን ተሕዋስያን ስለሚገድል ፈጽሞ ሊተው የማይገባ ልማድ ነው፤ አፍላቶክሲን ግን እሳት አይበግረውም።

እንግዲህ የወረዳው ባለሙያ መሸጫው ደጃፍ ላይ ቆሞ ምን ሊያደርግ ይችላል? አዋጅ ቁጥር 1112/2011 ምግብን በጤናው ዘርፍ ላሉት ተቆጣጣሪዎች ሲሰጥ የእንስሳት መኖ ቁጥጥር በግብርናው በኩል ነው፤ ላሟ ሱሉልታ ወይም ሰበታ ታልባ ወተቱ አዲስ አበባ ሲጠጣ ደግሞ የአስተዳደር ወሰንም ይሻገራል። እንደ እኔ ግምት ወተቱን አንዱ መሥሪያ ቤት፣ ፋጉሎውን ሌላው ይዞ ውጤታቸውን እስካልተለዋወጡ ድረስ መሸጫ መዝጋትና ማሸግ ለዜና ከመብቃት ብዙም አያልፍም። አብዛኛው ወተት ፋብሪካ ሳይደርስ ከእጅ ወደ እጅ ስለሚሸጥ ፋብሪካዎቹን ብቻ መመርመርም አያዋጣም።

ለመጀመር ውድ ላቦራቶሪ አያስፈልግም። ማኅበራት ወተት በሚያሰባስቡባቸው ጣቢያዎች በፈጣን መመርመሪያ ናሙና መውሰድና፣ መርዝ የተገኘበትን ወተት ዱካ ተከትሎ እስከ መኖ ሻጩ መጋዘን መውረድ ይቻላል። እዚያ የሚታየውም ቀላል ነገር ነው፤ ፋጉሎው በደንብ ደርቆ ነው ወይ የገባው፣ ጆንያው ከመሬት ከፍ ባለ ርብራብ ላይ ነው ወይ የተደረደረው፣ ጣሪያው ያፈሳል ወይ? ጋወንና ካርድ የሚጠይቀው ቅጽ ላይ እነዚህ ሦስት ጥያቄዎች ቢታከሉበት እወዳለሁ።